ወረፋ የያዙ ስልኮች

ሬሳው የተገኘው ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አቶ ቃልቤሳ፣ ቱሉ ቦሬ በሚባለው ሰፈር ጉብታ ላይ ባለችው የውሃ መክፈቻ ቤት ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸው ተመትቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ውሃ ሲከፍቱና ሲዘጉበት የኖሩት ረጅም የብረት ቁልፍ አጠገባቸው ወድቋል። ደም አለበት።

ያገኟቸው ምሳ ይዘው የወጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አደሴ ናቸው። ጩኸታቸው ታች መንደሩ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር የሺሐረግ ከጣቢያዋ ተነስታ ጉብታውን እስክትወጣ አንድ ሰው ቀድሟት ቆሟል። ዘአማኑኤል ይባላል። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ነጭ ጫማ አድርጓል፤ በክረምቱ ማግስት አቃቂ ውስጥ ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ከመኪና የማይወርድ ሰው ነው። «ንቁ ሰፈር» የሚባለው ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ አለ። ሬሳው ላይ አንዴ እንኳ ዓይኑን አላሳረፈም። የያዘውን ታብሌት ወደ እሷ አዞረ።

«ገዳዩን አግኝተነዋል» አላት።

የሺሐረግ ዙሪያዋን ቃኘች። «የታል?»

«ይኸው።» ስክሪኑን በጣቱ ነካ።

ስክሪኑ ላይ የሰፈሩ ካርታ አለ። ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች። እያንዳንዱ ነጠብጣብ በፕሮጀክቱ የተመዘገበ የአንድ ነዋሪ ስልክ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ ሠላሳ አንዱ ታች መንደሩ የውሃ ቦኖ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ሌሎቹ በየቤታቸው፣ በየሥራቸው ናቸው። አንድ ነጠብጣብ ብቻ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጉብታውን ወጥቶ፣ መክፈቻ ቤቷ በር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ወርዷል። ከዚያ በፊትም በኋላም ወደ ላይ የወጣ ስልክ የለም። ስሙ ተጽፏል፤ እድላዊት።

የፕሮጀክቱ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። የቱሉ ቦሬ ሰው ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚያየው፤ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ቦኖ ላይ ተገትሮ ከሚውል ስልኩ ቢነግረው ማን ይጠላል? በቧንቧዎቹ ላይ የውሃውን መጠን የሚለኩ ሴንሰሮች ተገጠሙ። ወረፋ የሚሰጥ አፕ ተሠራ። መጥፎው ነገር ይህን ሁሉ ዕቃ የተረከቡት ሰዎች ናቸው። አንዱም ቦኖው ጋ ወርዶ አያውቅም።

የሺሐረግ ግድግዳውን አየች። በከሰል የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ በሁለት ረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች። የወረፋ ቁጥር ይሆናል ብላ አለፈችው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፎቶ ታስነሳው ነበር። ካርታው ግን እጇ ላይ ነው። ካርታ በእጁ ያለ ሰው ግድግዳ ምን ያደርግለታል?

እድላዊትን ከሰዓት በኋላ አመጧት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። የቤት ልብስ እንደለበሰች ነበር።

«ጉብታው ላይ ምን ልትሠሪ ወጣሽ?»

«አቶ ቃልቤሳን ልለምን። የኛን መስመር ተራ ወደ ከሰዓት እንዲያደርጉልኝ።»

«ቅዳሜ ለታስ ምን አልሻቸው? ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ውሃ ከልክለው በሰላም የሚኖሩ እንዳይመስልዎት ብያለሁ። ተናድጄ ነው።»

«ዛሬስ?»

«አንኳኳሁ። መልስ የለም። በር ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። እንግዳ አለባቸው ብዬ ተመለስኩ።»

«የማን ሞተር?»

«አላውቀውም። አረፋ ነበረበት።»

«ምን ነበረበት?»

«የሳሙና አረፋ። ይንጠባጠብ ነበር።»

ጥግ ላይ ቃል የሚጽፈው ሳጅን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰው ፊቱን በአንድ ኩባያ ውሃ በሚታጠብበት ሰፈር፣ ጉብታ ላይ፣ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሞተር! የሺሐረግም ፈገግ አለች። ካርታው ሌላ ሰው አላሳየም፤ ስለዚህ ሞተሩ ውሸት ነው፤ ውሸትም ከሆነ የዋሸችው ገድላ ነው። የእስር ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

እድላዊት ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ለመነች። የሰባት ወር ልጅ አላት፤ ጡት ይጠባል፤ ጎረቤት ጋ ነው ያለው፤ ያምጡልኝ አለች። የሺሐረግ ጥያቄውን ለኮማንደሩ አስተላለፈች። ኮማንደሩ ሐሙስ ጠዋት በአዳራሹ አስቀድሞ የተያዘ የፕሮጀክቱ ፕሮግራም እንዳለ አስታወሳት። እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራ ይመጣል፣ «ንቁ ሰፈር» በሁለት ሰዓት ውስጥ ገዳይ እንዴት እንደያዘ ይቀርባል። ባነሩ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ጣቢያው ውስጥ ሕፃን ያቀፈች ተጠርጣሪ ከታየች ለገጽታው ጥሩ አይሆንም አለ። ከሐሙስ በኋላ እናያለን። ገጽታ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

ማክሰኞ እንዲሁ አለፈ። የሺሐረግ የውሃ ቦቴ ሾፌሮችን ጠየቀች፤ አቶ ቃልቤሳ አንዱን ሰድበውት ነበርና። ሾፌሩ ሰኞ ዱከም ነው የዋለው፤ ሦስት ሰው መሰከረለት። ቢሮዋ ተመልሳ ስትገባ ከእስረኞቹ ክፍል በኩል እድላዊት ውሃ ስጡኝ ስትል ሰማቻት። ትኩሳት ይዟታል አለ ዘበኛው፤ ጡቷ ተወጥሮባት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ፋይሉን ለመዝጋት የቀራት የቅዳሜውን ጠብ ያዩ ምስክሮች ቃል ብቻ ነበር። ለዘአማኑኤል ደወለችለት። በዚህ ሰዓት ቦኖው ላይ ሃያ ስምንት ሰው አለ አላት፤ ሁሉንም አንድ ላይ ስለምታገኛቸው ደስ አላት። አንድ ሳጅን ይዛ ወረደች።

ቦኖው ላይ አምስት ሴቶች አሉ።

ስልኳን አውጥታ እንደገና ደወለች። ሃያ ዘጠኝ ሆነዋል አላት።

ቆጠረቻቸው። አምስት። ከነሱ ኋላ እስከ መንገዱ ድረስ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ እጀታ ላይ የተለያየ ጨርቅ ታስሯል። ከቦኖው አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አማረች የምትባል ሴት አለች። አንድ የሚያለቅስ ሕፃን አዝላ ትወዘወዛለች። አጠገቧ ትልቅ ዘንቢል ተቀምጧል።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለች የሺሐረግ።

«እነኚሁና» አለች አማረች፤ ዘንቢሉን ገለጥ አደረገችው።

ስልክ ሞልቶታል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ አንዱ ላዩ ላይ የመድኃኔዓለም ስቲከር ያለበት። አንዳንዱ ይንጫጫል።

ነገሩ ቀላል ነው። አፑ ወረፋ የሚሰጠው ስልኩ ከቦኖው መቶ ሜትር ውስጥ ከሆነ ነው፤ ከራቀ ተራው ይሰረዛል። ሰው ቤቱ ተኝቶ ወረፋ እንዳይዝ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ድሮ ወረፋ የሚይዘው ጀሪካን ነበር። ሰው ጀሪካኑን ያቆምና ሥራው ይሄዳል፤ ቦኖ ላይ ያለ ሰው ተራው ሲደርስ ይቀዳለታል። አሁን ስልክም ጀሪካንም ይቆማል። አማረች ስልኮቹን ትጠብቃለች፤ ስልኩ ሲጠራ የባለቤቱ መለያ ጨርቅ የታሰረበትን ጀሪካን ሴቶቹ ይሞሉታል። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በአራተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ሆነ። የማያውቀው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ብቻ ነው።

የሺሐረግ ዘንቢሉ ላይ ጎንበስ አለች። «ሰኞ ረፋድ ስንት ነበሩ?»

«ሠላሳ አንድ ስልክ።»

«ሰውስ?»

«እኔና አራት ሴቶች።»

ሃያ ስድስት ሰው የትም ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀን ሙሉ የሰበሰበችው ፋይል የስልኮች ፋይል ነው። እድላዊት ከሁሉም የተለየችው ስልኳን ይዛ በመሄዷ ብቻ ነበር፤ ፋብሪካው ወደ ሥራ ሊጠራት ስለነበር ዘንቢል ውስጥ ልታስቀምጠው አልፈለገችም። ቀጥ ብላ በራሷ እግር የሄደች አንዲት ሴት ብትኖር እሷን አሰሯት።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የእድላዊት ነዋ! ጡጦ እምቢ ብሎ ገደለኝ እኮ። ስኳር ውሃ በማንኪያ ነው የማቀምሰው።»

«ሰኞ ወደ ላይ ስትወጣ አንቺ ጋ ትታው ነው?»

«ኧረ አዝላው ነው። ትተሽው ሂጂ ብላትስ ከመቼ ወዲህ ከሷ ተለይቶ ያውቃል? በጉንፋን ይስል ነበር፣ እንዳይበርደው ብዬ ነጠላዬን ደረብኩላት።»

ካርታው ሕፃን አያሳይም። የሺሐረግም አልጠየቀችም። የሰባት ወር ልጅ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ያን የሚያህል ብረት አንስታ፣ አንድ ወንድ በአንድ ምት ጥላ፣ ልጁን እያባበለች ወረደች ማለት ነው። ይህን ያመነች ራሷ ናት። በራሷ አፈረች፤ እፍረቱ ግን ለእድላዊት ምንም አይፈይድላትም።

«በሰኞው ወረፋ ለየት ያለ ነገር ነበር?» አለች። «ሌላ ጊዜ የማይመጣ ሰው?»

አማረች ሳቀች። አቶ ሉቃስ አለች።

አቶ ሉቃስን የማያውቀው የለም። በዋናው መንገድ ዳር ትልቅ ላቫጆ አለው፤ መኪና ሲታጠብ ይውላል። በ«ንቁ ሰፈር» ኮሚቴ ውስጥ የነዋሪው ተወካይ ነው፤ በየስብሰባው ስለ ቴክኖሎጂ ተነስቶ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ግቢው ውስጥ ሦስት ሮቶ ውሃ ተደርድሯል። ያ ሰው ሰኞ አራት ሰዓት ከሃያ ግድም በሞተር መጣ፤ ከመንገዱ ማዶ አቁሞ በእግሩ ተሻገረ፤ ስልኩን ዘንቢሉ ውስጥ ጣል አድርጎ ሄደ። አሥራ ሰባት ቁጥር ደረሰው።

«ታዲያ አሥራ ሰባት ሲጠራ ጀሪካን የለም» አለች አማረች። «ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ሴቶቹ ተራው ለኔ ነው ለኔ ነው ብለው ሊቧቀሱ። በመጨረሻ የኔን ባልዲ ሞላንበት። አምስት ሰዓት አልፎ መጣና ስልኩን አነሳ። ውሃዬስ አላለም። ጀሪካን ሳያቆም ወረፋ የሚይዝ ሰው፣ እኔ እንጃ፣ በዕድሜዬ አላየሁም።»

የሺሐረግ ሳጅኑን ዞራ አየችው። እሱም ገብቶታል። ሉቃስ ስልኮች ዘንቢል ውስጥ እንደሚውሉ ሲያልፍ ሲያገድም አይቷል። ካርታው የስልክ እንጂ የሰው አለመሆኑን ከኮሚቴው ያውቃል። የማያውቀው ወረፋውን ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ተሰልፎ ስለማያውቅ ከስልኩ ጎን ጀሪካን እንደሚቆም አላወቀም።

ሉቃስ ግን አቶ ቃልቤሳን ለምን ይገድላል?

የሺሐረግ ወደ ዘአማኑኤል ቢሮ ሄደች። ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ ግድግዳውን የሚያክል ስክሪን አለ። ለሐሙስ የሚያቀርበውን እያሳመረ ነበር። የእድላዊት ፎቶ ስክሪኑ መሃል ላይ ተለጥፏል። ፎቶው ላይ ትስቃለች፤ ከራሷ ስልክ የተወሰደ ነው።

«ሰኞ ረፋድ ውሃው ምን ሆነ?» አለችው።

«ውሃው?»

«ሴንሰር አላችሁ አይደል? ሰው ስትቆጥር ውሃውን ረሳኸው?»

ትንሽ ቅር አለው። ያን ዕለት ሲስተሙ ተሳስቶ እንደነበር ነገራት። ከአራት ሰዓት ከአሥር እስከ አራት ከሃምሳ። የተሳሳተውን ቁጥር አጥፍተውታል።

«ምን ብሎ ነው የተሳሳተው?»

«ብክነት የለም ብሎ። ወደ ሰፈሩ የገባው ውሃ ሁሉ ሰፈሩ ውስጥ ወጣ ብሎ። ይሄ ሊሆን አይችልም ኢንስፔክተር። እዚህ መስመር ላይ ከገባው ውሃ ሁልጊዜ ሲሶው ይጠፋል። ሲስተሙም ያንን ስለለመደ ራሱ ነው በቀይ ያመለከተው።»

የሺሐረግ ስክሪኑን ትታ እሱን አየችው። ስንት ዓመት ተምሯል? ውሃ በስርቆት ሲጠፋ ደህና፣ ለአርባ ደቂቃ ሳይጠፋ ሲቀር ስህተት! ማሽኑ እውነቱን ተናግሯል። እውነቱን በቀይ አስምሮ እጁ ላይ አስቀምጦለታል። እሱ ጠረገው።

«አቶ ቃልቤሳ እዚህ ይመጡ ነበር?»

«በየሳምንቱ። ቁጥሩን አሳየኝ እያሉ ያደርቁኝ ነበር። ለርስዎ አይጠቅምም ብላቸው አይሰሙም። እንዲሄዱልኝ ብዬ አነብላቸው ነበር።»

ከሰል የነካው ግድግዳ አሁን ገባት። አንዱ ረድፍ የገባው ውሃ ነው፤ ሌላው የወጣው። ስድስተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረሱ ሽማግሌ የፕሮጀክቱን ቁጥሮች በራሳቸው ጽፈው፣ አንዱን ከሌላው ቀንሰው፣ ሲሶው የት እንደሚሄድ ሲፈልጉ ከርመዋል። የቧንቧ ቅጥያዎቹን በየተራ እየዘጉ ሞክረዋል። ሰኞ አራት ከአሥር ላይ ትክክለኛውን ዘጉ። በሚሊዮን ብር የተገዛው ዕቃ የሚሠራ መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ከልካይ እያለ ይሰድባቸው ነበር። የሺሐረግ ስለ ሰውዬው አዘነች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ላቫጆው ቀረ። ሉቃስ አልነበረም፤ ለሐሙሱ ፕሮግራም ሱፍ ሊለካ ሳሪስ ሄዷል አሉ። ሙህሲን የሚባል አጣቢ የሚኒባስ ጎማ እያጠበ ነበር። እስከ ጉልበቱ ቦት ጫማ አድርጓል።

«እዚህ ውሃ ይጠፋባችኋል?»

«ጠፍቶ አያውቅም።»

«ሰኞስ?»

ሙህሲን ቱቦውን ጣለ። ሰኞ ጠፍቷል አለ። አራት ሰዓት አልፎ ድንገት ቀጥ አለ። አንድ ሞተር ሳይክል በሳሙና ለቅልቆ ነበር፤ ማለቅለቂያ አጣ። የሞተሩ ባለቤት ማዶ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ይጠጣል። ሉቃስ ከቢሮ ወጣ፣ ቧንቧውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ በአረፋው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነሳ። የራሱ መኪና እዚያው ቆሞ ነበር፤ ግን የጉብታው መንገድ መኪና አያስወጣም። ባለቤቱ ሲመለስ ሞተሬ ተሰረቀ ብሎ ጉድ አፈላ። ውሃው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመልሶ መጣ፤ ሉቃስም ከሱ ኋላ ተከትሎ መጣ። አረፋው ደርቆ አቧራ ጠጥቷል።

«እንደገና አጠብኩት» አለ ሙህሲን። «ጫማውንም አጠብኩለት።»

«የማንን ጫማ?»

«የጋሼን። ጭቃ ነው አለኝ።»

«ጭቃ ነበር?»

ሙህሲን ዓይኑን ከመሬቱ አላነሳም። «ቀይ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ያለው ኮትቻ አፈር ነው። ጥቁር ነው።»

ሉቃስ ሱፉን በላስቲክ አንጠልጥሎ ሲመለስ ጠበቁት። ጣቢያ ድረስ በራሱ መኪና ካልሄድኩ ብሎ ተከራከረ። ወንበር ላይ ተቀምጦም ሰዓቱን ያያል።

«ሰኞ ረፋድ የት ነበሩ?» አለችው የሺሐረግ።

«ወረፋ ላይ። እኔም እንደማንኛውም ነዋሪ ነኝ። ሲስተሙን ማየት ይችላሉ።»

«አይቻለሁ። አሥራ ሰባተኛ ነበሩ።»

«ይኸውልዎ።»

«ውሃውን በምን ቀዱት?»

«በምን ይቀዳል? በጀሪካን ነዋ።»

«ቀለሙ?»

«ቢጫ።»

«የታሰረበት ጨርቅስ?»

ሉቃስ ሰዓቱን ማየት ተወ። «የምን ጨርቅ?»

«ሠላሳውም ጀሪካን ላይ ጨርቅ ነበር። ያንተ ብቻ የለም። ጀሪካኑም የለም።» አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «ስልክህ ሰልፍ ይዞ ነበር፤ አንተ ግን ጉብታው ላይ ነበርክ።»

«ማን አየኝ? ካርታው ላይ ጉብታው ጋ አለሁ?»

«የለህም። ሞተሩ ግን ነበር። አረፋው እየተንጠባጠበ።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አላስቸገራትም። ስምንት ዓመት ነው አለ፤ ከዋናው መስመር ወደ ላቫጆው ቅጥያ ያስቆፈረው። ማንም አላወቀበትም፤ ሴንሰሩ ሲገጠም ደነገጠ፤ ዘአማኑኤል ቁጥሩን ማንበብ እንደማይችል ሲያይ ግን ልቡ ረጋ። ኮሚቴ ውስጥ የገባው ያንን ለመጠበቅ ነው። ሰኞ የወጣው ሊገድል አልነበረም፤ ከፍቶ ሊመለስ ነበር፤ ስልኩን የተወውም ማን ከፈተ ሲባል እንዳይታይ ነው። አቶ ቃልቤሳ ግን እዚያው ናቸው። ገንዘብ ሰጣቸው፤ እምቢ አሉ። ሐሙስ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ግድግዳዬን አነብላችኋለሁ አሉት። ቅጥያውን ሊያሳዩት ጎንበስ ሲሉ ቁልፉን አነሳ።

«ከዚያ በር ተንኳኳ» አለችው።

«አዎ።»

«ማን መሆኗን አወቅክ?»

«አላየኋትም። ሕፃን ሲስል ሰማሁ።»

የሺሐረግ ብዕሯን አስቀመጠች። ይህ ሰው ማክሰኞ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሲስተሙ ገዳይቱን ስለያዘ ምስጋና ይገባዋል ብሏል፤ ቃለ ጉባኤው እጇ ላይ ነው። ሕፃኑ ከበሩ ውጭ ሲስል የሰማ ሰው። መኪና ለማጠብ የአንድ ሰፈር ውሃ ሲሶ ወስዶ፣ ሽማግሌ ገድሎ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲራብ ሱፍ የሚለካ። ሌባም ነፍሰ ገዳይም ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው ግን አላየችም።

እድላዊት እንድትፈታ የጻፈችውን ወረቀት ረቡዕ በአሥር ሰዓት ይዛ ኮማንደሩ ቢሮ ገባች። ኮማንደሩ አነበበው። ጥሩ ሥራ ነው አለ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ፕሮግራሙ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ነው፤ ዛሬ ትፈታና ለአንድ ሰው ብታወራ ነገሩ ይበላሻል፤ አንድ ሌሊት ምን ያደርጋታል? የሺሐረግ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ ትኩሳት ይዟታል፣ ልጅ አላት አለች። ኮማንደሩ በሩን አሳያት።

ሐሙስ ፕሮግራሙ ተካሄደ። ዘአማኑኤል የእድላዊትን ፎቶ አንስቶ የሉቃስን አስገባ። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወው፤ ቀስቶቹን፣ ቀለሞቹን፣ «በሁለት ሰዓት ውስጥ» የሚለውን። በኮሚቴ አባልነት የተነሳው ፎቶ ስለነበር ሉቃስ ከረባት አስሯል። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ እንግዳ በሌሎች ሰፈሮችም ይስፋፋ አለ። ወይዘሮ አደሴ ጥቁር ለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ የባላቸውን ስም የጠራ አልነበረም።

የሺሐረግ እዚያ አልነበረችም። ጣቢያው በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ኮማንደሩ ትፈታ ብሎ እስኪደውል ትጠብቅ ነበር። በስድስት ሰዓት ተደወለ። እድላዊትን ራሷ ይዛት ወጣች፤ ራሷ ነዳች። መንገድ ላይ ስለ ሉቃስ ነገረቻት፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ አረፋው። እድላዊት መስኮቱን እያየች ሰማቻት።

አማረች ልጁን ይዛ ቤቷ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከስቷል። እድላዊት ተቀብላው ገባች፤ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ደረቷን ከፈተች። ልጁ ሽታዋን ሲያገኝ አፉን ከፍቶ ተጣደፈ። ጠባ። ጠባ። ለቀቀውና ፊቷን አየ። እንደገና ያዘ። ከዚያ ራሱን አዙሮ ጮኸ።

ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው። እዚያም የለም። ሰኞ ተወጥሮ፣ ማክሰኞ በትኩሳት ነድዶ፣ ረቡዕ ነጥፏል። አማረች ሸማዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

የሺሐረግ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይመለሳል፣ ሲጠባ ሲጠባ ይመለሳል ልትል ፈለገች። እሷ ምን ታውቃለች?

«ማን ነው የፈረመው?» አለች እድላዊት፤ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሳ።

«እኔ ነኝ።»

«ሞተር አለ ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ቦኖ ወርደው አንድ ሰው ጠየቁ?»

«ረቡዕ ነው የወረድኩት። ሰኞ ካርታውን ነው ያየሁት።»

እድላዊት ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ለቅሶው አልበረደም። አቅፋው ተነሳች፤ አንድ ሁለቴ ክፍሏ ውስጥ ተመላለሰች፤ ከዚያ የሺሐረግ እዚያው መቆሟን ገና እንዳየች ሁሉ ዞር አለች።

«በሩን ዘግተውልኝ ይሂዱ» አለች።

የሺሐረግ ወጣች። በሩ የቆርቆሮ ነበርና ሲዘጋም የልጁ ለቅሶ ልክ እንደ ቅድሙ ይሰማ ነበር።